የግለሰብ የጤና መድን አረቦን በአሜሪካ የመንግሥት የመድን ገበያዎች

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና እንክብካቤ ሕግ ባቋቋማቸው የአሜሪካ የመድን ገበያዎች፣ የግለሰብ አረቦን በአሠሪው በኩል መድን የሌለው ሰው በየወሩ የሚከፍለው ዋጋ ነው። ሽፋኑ የጀመረው በጥር 2014 ነው። ኩባንያው የደንበኛውን ሕመም አይቶ ዋጋ መጨመር አይችልም፤ የሚያየው ዕድሜን፣ የመኖሪያ አካባቢን፣ የቤተሰብ ብዛትንና ትንባሆ ማጨስን ብቻ ነው። በዕድሜ የገፋው የሚጠየቀውም ወጣቱ ከሚጠየቀው ሦስት እጥፍ አይበልጥም።

ሆኖም የአረቦኑን ክብደት ከተለጠፈው ዋጋ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የፌዴራሉ መንግሥት ለአረቦን ክፍያ የሚሰጠው ድጎማ የሚሰላው በአካባቢው ካሉት «ብር» (ሲልቨር) የተባለው የሽፋን ደረጃ መድኖች በርካሽነት ሁለተኛውን መነሻ አድርጎ ስለሆነ፣ ዋጋው ሲንር ድጎማውም ያድጋል፤ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው ድጎማ በማያገኘው ላይ ነው። ከ2021 እስከ 2025 የቆየው ተጨማሪ ድጎማ የመነሻው መድን ወጪ ከቤተሰቡ ገቢ 8.5 በመቶ እንዳያልፍ አድርጎ ነበር። ጊዜው ሲያበቃ የቀድሞው ገደብ ተመለሰ፦ ለ2026 ሽፋን፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ብቻውን የሚኖር ሰው ዓመታዊ ገቢው ከ62,600 ዶላር ጥቂት ቢያልፍ ድጎማውን በሙሉ ያጣል። በግሉ ሠርቶ ለሚያድር የስድሳ ዓመት ሰው ይህ ከባድ በደል ነው።

ድጎማው የኩባንያዎችን ኪስ ያደልባል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ነገር ግን ሕጉ ከአረቦኑ ቢያንስ 80 በመቶው ለሕክምናና ለጥራት ማሻሻያ እንዲውል፣ ካልሆነም ልዩነቱ ለደንበኞች እንዲመለስ ያስገድዳል። ዋጋውን በዋናነት የሚያንረው የሆስፒታል፣ የሐኪምና የመድኃኒት ክፍያ ነው። ድጎማን መቁረጥ ይህን አያረክስም፤ ጤነኛውን ከገበያው አስወጥቶ ለታመመው ያስወድዳል እንጂ።