ጀርመን ለሽርሽር ከሄዳችሁ ጎታን አትዝለሏት

ጀርመን ለጉብኝት የሚሄድ ሐበሻ የሚያወጣው ፕሮግራም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ፍራንክፈርት ያርፋል፣ ዘመድ ቤት ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፣ በርሊን ሄዶ ከግንቡ ቅሪት ፊት ፎቶ ይነሳል፣ ጊዜ ከተረፈው የኮሎኝን ካቴድራል አይቶ ይመለሳል። ክፋት የለውም። ነገር ግን ከፍራንክፈርት በባቡር ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የምትደረስ፣ ከአማርኛ ቋንቋ ታሪክ ጋር የማይበጠስ ገመድ ያላት ትንሽ ከተማ አለች። ቱሪንጊያ ውስጥ ያለችው ጎታ ናት። በዚህ ዓመት ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ቀን ስጧት። ምክንያቴን ላስረዳ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ ከእኛ የእህል ጎታ ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው። ማርክስ ያነበቡ ታላላቆቻችን ግን ስሟን ያውቁታል። በ1875 የጀርመን ሶሻሊስቶች እዚህች ከተማ ተሰብስበው አንድ ፓርቲ ሲመሠርቱ ያወጡትን ፕሮግራም ማርክስ ክፉኛ ተችቶታል፤ «የጎታ ፕሮግራም ሂስ» የሚባለው እሱ ነው። ስብሰባው የተደረገበት ቲቮሊ የተባለው ቤት ዛሬም አለ። ለአብዮት ሲሉ ስሟን የሸመደዱ ሰዎች፣ ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አንድ የአማራ ሳይንት አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ከሚባል ቀዬ፣ ከመካነ ሥላሴ የወጣ ካህን በዚያች ከተማ ተቀምጦ አማርኛ እንዳስተማረ ምን ያህሉ ያውቁ ይሆን?

ሰውየው አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። ታሪካቸው የሚጀምረው ከእኛው ጠብ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት አድርገው ሀገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ፤ በ1632 ሥልጣኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ተዋሕዶን መልሰው ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያኑ ጋር የወገኑ ነበሩና ተሰደዱ፤ ሕንድ ጎዋ ደርሰው፣ ኋላም ሮም ገቡ። ሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ማረፊያ የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ በሩን ያንኳኳው እዚያ ነው።

ኢዮብ ሉዶልፍ የኤርፈርት ልጅ ነው። ግዕዝን በዚያን ጊዜ በነበሩት ጥቂት መጻሕፍት ብቻውን ተምሮታል፤ ሲናገረው የሰማው ሰው ግን አልነበረም። እዚያ ካሉት መነኮሳት ፊት አፉን ሲከፍት መጀመሪያ ተገረሙ፣ ቀጥሎ አነጋገሩ አሳቃቸው። የዛሬው ታላቅ የጀርመን የኢትዮጵያ ጥናት በሐበሾች ሳቅ መጀመሩ ደስ ይለኛል። ጎርጎርዮስ ግን ከሳቁ በኋላ ቁጭ አድርገው አስተማሩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የጎታው መስፍን ኤርነስት ቀዳማዊ ጎርጎርዮስን ጋበዛቸው። ሉዶልፍ በዚህ መስፍን ቤት አገልጋይ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ነገሩን አስቡት። ኤርነስት አጥባቂ ሉተራዊ ናቸው፤ «ጻድቁ» እስኪባሉ ድረስ። ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሠላሳ ዓመት የተፋጁበት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ በጦርነት፣ በረሃብና በወረርሽኝ ባዶ የቀሩ መንደሮች በየቦታው አሉ። እኚህ መስፍን አንድ ካቶሊክ የሆነ ኢትዮጵያዊ ካህን እንግዳቸው አደረጉ። ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ንጉሣቸው፣ ስለ ሀገራቸው አስተዳደርና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ተጠየቁ። መልሳቸውም ተጻፈ። አንዱ በሃይማኖት ጠብ ከሀገሩ የተባረረ፣ ሌላው ከሃይማኖት ጦርነት ፍርስራሽ ሀገር የሚገነባ፤ ሁለቱ የተገናኙት በዚህ መካከል ነው።

ቤተ መንግሥቱ ፍሪደንሽታይን ይባላል፣ «የሰላም ድንጋይ» እንደማለት። ጎርጎርዮስ ሲመጡ ግንባታው ገና አላለቀም ነበር፤ በ1643 ጦርነቱ ሳይቆም ተጀምሮ በ1654 ነው ያለቀው። ስትሄዱ ዋናውን በር ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ከበላዩ ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች ተመስለው ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል። ሰላም ያበላል፣ ጠብ ይበላል የሚል መልእክት ያለው ጽሑፍም አብሮ አለ። እኔ ብሆን ከሙዚየሙ ሥዕሎች ይልቅ እዚህ በር ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እቆማለሁ። ለእኛ ለዛሬዎቹ ከዚህ የሚቀርብ ነገር ውስጥ አይገኝም። ኤርነስት እንዲያው በድንጋይ ላይ ጽፈው አልተቀመጡም፤ በ1642 ባወጡት የትምህርት ደንብ የገበሬው ልጅ ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ትምህርት ቤት እንዲገባ አስገድደዋል።

ጎርጎርዮስ ጎታ ብዙ አልቆዩም። ብርዱ ሳይጠና በዚያው ዓመት ወደ ጣሊያን ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር ግን መጻጻፍ አላቋረጡም። በ1658 ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ መርከብ ተሳፈሩ፤ መርከቧ በሶርያ ዳርቻ፣ እስክንድሮና አጠገብ ሰጠመች። ሀገራቸውን ሳያዩ ሞቱ።

ኤርነስት ግን ኢትዮጵያን አልረሱም። በ1663 የሉዶልፍ ተማሪ የነበረውን ቫንስሌበንን ገንዘብ ሰጥተው ወደ ኢትዮጵያ ላኩት። ሰውየው ከግብፅ አላለፈም፤ ጭራሽ ሮም ገብቶ ካቶሊክ ሆኖ የዶሚኒካን መነኩሴ ሆነ። ሉተራዊው መስፍን ይህን ሲሰሙ የተሰማቸውን መገመት አያቅትም።

ሉዶልፍ በበኩሉ ማስታወሻዎቹን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1683 ካርታ፣ በ1691 የታሪኩን ሰፊ ማብራሪያ አወጣ። በ1698፣ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። በማተሚያ ቤት የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው። አማርኛን ከጎርጎርዮስ አፍ ባይሰማ ኖሮ ይህ መጽሐፍ አይኖርም ነበር።

ለሉዶልፍ ፍትሐዊ እንሁን፤ መምህሩን አልደበቀም። ምንጩ ማን እንደሆነ በግልጽ ጽፏል፣ ምስላቸውንም አሳትሞ ለትውልድ አኑሯል። የጎርጎርዮስን መልክ ዛሬ የምናውቀው በዚያ ምስል ነው። ዛሬ ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል፣ ይገባዋልም። እኔን የሚቆረቁረኝ የእኛው ነገር ነው። አማርኛ ስንማር ባደግንባቸው የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አንድም ቀን የጎርጎርዮስን ስም አላየሁም። ካቶሊክ ስለሆኑ ይሆን? ስደተኛ ስለሆኑ? በተሸነፈው ወገን ስለቆሙ? በየዘመኑ የተሸነፈውን ከነዕውቀቱ የመጣል ልማዳችን ዛሬም አልቀረም፤ ዝርዝሩን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ወደ ጉዞው ስንመለስ፣ ማደሪያችሁን ኤርፈርት ብታደርጉ ይሻላል። ከጎታ በባቡር ከግማሽ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ ከተማዋም ሰፋ ያለች ናት። ሉዶልፍ በ1624 የተወለደው እዚያው ነው። በድልድይ ላይ ግራና ቀኝ ቤት ተሠርቶ ሰው የሚኖርበትን የነጋዴዎች ድልድይ ታያላችሁ። ሉተር በ1505 የመነኮሰበት የአውግስጢኖሳውያን ገዳምም እዚያ ነው። በነገራችን ላይ በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና ለሌላ ቀን ይቆየን።

የምትሄዱት በፈረንጆቹ በጋ ይሁን። በፍሪደንሽታይን ውስጥ ያለው ጥንታዊ የኤክሆፍ ቲያትር፣ መድረኩ በእንጨት ማሽን የሚቀያየር፣ ትርኢት የሚያሳየው በዚያ ወራት ነው። ቤተ መንግሥቱ እድሳት ስለማያጣው የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በ1647 የተመሠረተው ቤተ መጻሕፍትም እዚያው ግቢ ነው፤ ግን የምርምር ቤት ስለሆነ የቆየ መጽሐፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መጻፍ አለበት።

ከአዲስ አበባ ለምትነሱ ትልቁ ዳገት ያው ቪዛው ነው፤ የባንክ ደብተር፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን። ጎርጎርዮስ የመስፍን ጥሪ ነበራቸው። ያልተሳካለት ሰው የ1698ቱን ሰዋስው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያገኘዋል። ማብራሪያው በላቲን ነው፤ የአማርኛውን ቃል ግን ያለ አስተርጓሚ ታነቡታላችሁ።