ከሌሊቱ 10፡50፣ ስዊድን

ብዙ ተጠቃሚ ያለው ሲስተም ላይ ለውጥ ለቆ የሚያውቅ ሰው፣ ስዊድኖች በ1967 ያደረጉትን ሲሰማ ቀድሞ የሚጠይቀው “ካልሰራስ እንዴት ይመለሳል?” ብሎ ነው። አይመለስም ነበር። አገሩ በሙሉ በግራ መንዳት ትቶ በአንድ ሌሊት ወደ ቀኝ ተሻገረ። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕዝቡ እኮ አልፈለገውም። በ1955 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 83 በመቶ የሚጠጋው መራጭ በግራ መንዳት ይቀጥል አለ። ፓርላማው ግን በ1963 ለውጡን አጸደቀው። ጎረቤቶቹ ኖርዌይና ፊንላንድ በቀኝ ነው የሚነዱት። ይባስ ብሎ የስዊድን መኪኖች አብዛኞቹ መሪያቸውም በግራ ነበር። መንገዱም ግራ፣ መሪውም ግራ ሲሆን፣ ጠባብ መንገድ ላይ ሌላ መኪና መቅደም የፈለገ ሾፌር ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ግማሽ መኪናውን ካወጣ በኋላ ነው።

ከዚያ የ4 ዓመት ዝግጅት ተጀመረ። እኔን የሳበኝ ይሄኛው ክፍል ነው። ለውጡን የሚመራው ኮሚሽን የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን ጭምር አማክሮ ነበር። እውነትም ችግሩ ሾፌሩ ሕጉን አለማወቁ አይደለም። ሕጉ ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ መንዳት ግን እጅና እግር ውስጥ ነው ያለው። ሃያ ዓመት በግራ የነዳ ሰው ሁሉንም እያወቀ፣ ደክሞት ከሥራ ሲወጣ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ይወስደዋል። እኛ ጋ አዲስ ደንብ ሲወጣ መግለጫ ይነበባል፤ ብዙው ሾፌር የሚሰማው ግን ትራፊክ ሲያስቆመው ነው። ስዊድኖች የለውጡን ምልክት ወተት ካርቶን ላይ አተሙት። የውስጥ ሱሪ ላይም አተሙት፣ አልቀለድኩም። የዘፈን ውድድር ተዘጋጅቶ ያሸነፈው ዘፈን ርዕሱ “ቀኝህን ያዝ፣ ስቬንሰን” የሚል ነበር። ስቬንሰን ማለት እዚያ እንደ እኛ አበበ ነው።

ቀኑ መስከረም 3፣ እሁድ ነበር፤ ስሙም “ዳጌን ሆ” ተባለ፣ የቀኝ ቀን እንደማለት። ሌሊቱን አስፈላጊ ካልሆነ በቀር መኪና እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። 360,000 የሚሆኑ ምልክቶች መቀየር ነበረባቸው። ከሌሊቱ 10፡50 ላይ መንገድ ላይ ያለ ተሽከርካሪ ሁሉ ቆመ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ተሻገረ፣ እንደገና ቆሞ ጠበቀ። 11 ሰዓት ሲሞላ ጉዞው ቀጠለ። በሩ በግራ በኩል የነበረ አውቶቡስ ግን ተሳፋሪውን መሀል አስፋልት ላይ ሊያወርድ ሆነ፤ ስለዚህ አዳዲስ አውቶቡሶች ተገዙ፣ ከአሮጌዎቹም ኬንያና ፓኪስታን የተሸጡ ነበሩ።

በማግስቱ ሰኞ የተመዘገበው አደጋ 125 ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰኞዎች ከ130 እስከ 198 ይደርስ ነበር። የመኪና ኢንሹራንስ ጥያቄም በ40 በመቶ ቀነሰ። ደስ ይላል፣ ግን መንገዱ ስለተሻለ አይመስለኝም፤ ሁሉም ስለፈራ ነው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የሚያስብ ሾፌር በዝግታ ይነዳል። እጁ አዲሱን መንገድ ሲለምድ ማሰቡም ቀረ፤ በ2 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ድሮው ተመለሰ።

ኢትዮጵያ ከስዊድን 3 ዓመት ቀድማ፣ በ1964 ነው ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው። ለጓደኞቼ ስነግራቸው አብዛኞቹ አላመኑኝም። ኬንያ ግን እስካሁን በግራ ናት። ስለዚህ ሞያሌ ላይ ድንበር የሚሻገር የጭነት መኪና ሾፌር ያቺን የስዊድን ሌሊት ብቻውን ይደግማታል፦ ያለ ዘፈን፣ ያለ ወተት ካርቶን፣ ከኋላው ክላክስ እየተነፋበት።