«ይጫኑ»፤ ላልቶ ወይስ ጠብቆ?

በአማርኛ ጽሕፈት የሚላላውን ድምፅ ከሚጠብቀው የሚለይ ምልክት በተራ ጽሑፍ ውስጥ ስላለመግባቱ ብዙ ተብሏል። የተለመደው መልስ «አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይዞታ ይረዳዋል» የሚል ነው። ይህ መልስ ለመጽሐፍና ለጋዜጣ ይበቃ ይሆናል፤ በዓሉን «ገና» ከጊዜው «ገና» ለይቶ ማንበብ የሚያቅተው አማርኛ ተናጋሪ የለምና። ዳሩ ግን ሁለትና ሦስት ቃል ብቻ ባላት ትእዛዝ፣ ያውም መሣሪያ ለማንቀሳቀስ በተጻፈች ትእዛዝ ውስጥ ይዞታ የሚባለው ነገር ከየት ይገኛል?

ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት በልደታ ክፍለ ከተማ በአንድ ጽሕፈት ቤት የደረሰውን እንጥቀስ። ዕቃው በየክፍሉ ተገዝቶ እዚያው የተገጣጠመ አዲስ ኮምፒዩተር ነበር። ባለሙያው ዊንዶውስን ከዲቪዲ መጫን ጀምሮ ሳለ ለሌላ ሥራ ተጠራና ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በቁራጭ ወረቀት «ኮምፒዩተሩ ዳግመኛ ሲነሣ አይጫኑ» የሚል ማስታወሻ ትቶ ሄደ። ምክንያት ነበረው። ዲቪዲው በውስጡ እንዳለ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር፣ ከዲስኩ ለማስነሣት ማንኛውንም ቁልፍ መጫን እንደሚገባ የሚናገር መልእክት ለጥቂት ሴኮንድ ይታያል። በመጀመሪያው ጊዜ ቁልፍ መጫን ግድ ነው። ፋይሎቹ ወደ ሃርድ ዲስኩ ተገልብጠው ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ ግን ቁልፍ የተጫነ ሰው ሥራውን ከሀሁ ያስጀምረዋል። አዲስ ኮምፒዩተር «አልጫን አለ» ተብሎ ግማሽ ቀን ከሚባክንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ የማዘርቦርዱም የዲስኩም ጥፋት የለበትም።

ሠራተኛዋ ግን ወረቀቱን አላልተው አነበቡት። የመጫኑ ሥራ ይቁም የተባለ መሰላቸው። ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ሥራውን በራሱ ሲቀጥል ባዩ ጊዜም ማብሪያውን ተጭነው አጠፉት። በመካከል የተቋረጠው ዊንዶውስ በማግሥቱ ሲከፈት መቀጠል እንደማይችል የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ባለሙያው «እትዬ፣ ቁልፉን አይጫኑ ማለቴ ነበር» ቢላቸው፣ «የጻፍኸው አይጫኑ ነው፤ እኔም አላስጫንሁም» አሉት። እንደ ሰዋስው ከሆነ ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

የጉዳዩ ሥር በግእዝ ይገኛል። የአማርኛው «ጫነ» የግእዙ «ጸዐነ» ነው። ግእዝ አድራጊውን ትእዛዝ «ይጽዐን»፣ ተደራጊውን ደግሞ «ይጸዐን» ብሎ ይጽፋል፤ ልዩነቱ በፊደሉ ላይ ይታያል። በአማርኛ የጉሮሮው ድምፅ ዐ ጠፍቶ አናባቢው በ«ጫ» ላይ ሲቀር፣ ሁለቱም መልክ «ይጫን» ሆኑ። የቀረው ልዩነት መጥበቅና መላላት ብቻ ነው። በአንተና በአንቺ በአዎንታ ሲነገር ችግር የለም፤ «ጫን» እና «ተጫን»፣ «ጫኚ» እና «ተጫኚ» ለየብቻ ይጻፋሉ። «ይጭናሉ» እና «ይጫናሉ»ም አይምታቱም። ችግሩ የሚመጣው በአክብሮቱ ትእዛዝ ነው፤ «ይጫኑ» ሲላላ ሸክም ያስቀምጣል፣ ሲጠብቅ ቁልፍ ይነካል። እንግዲህ የቃሉን ሁለት ትርጉም ያደባለቀው የአክብሮት አነጋገራችን ሆነ ማለት ነው።

ሸክም ማለታችን አለምክንያት አይደለም። «ጫነ» አጋሰስ የሚነዳው ነጋዴና በቅሎ የሚያሰናዳው አሽከር ይናገሩት የነበረ ግስ ነው፤ በኋላም ወደ ካሚዮኑና ወደ አውሮፕላኑ ተሻገረ። ልደታ የዚህን መሻገር ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር መነሻው የልደታ ሜዳ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. የጀት አውሮፕላኖች ሲመጡ ሜዳው ስላጠራቸው ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። እዚያው አካባቢ የሚገኘው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትም የሞተር ባለሙያዎችን ያወጣ ነበር። «ሞተሩን አስነሣው»፣ «አልነሣ አለኝ» የሚለው የመካኒክ ቋንቋ ዛሬ በኮምፒዩተር ጠጋኞች አፍ ሳይለወጥ ይሰማል። ይህን ቃል የመደበ ኮሚቴ አልነበረም። በአንጻሩ የፋብሪካ ምህንድስና ያመጣው «ተከላ» በጨረታ ሰነድና በመመሪያ መጽሐፍ ሲሠራበት፣ በጥገና ሱቅ «ዊንዶውስ ትከልልኝ» የሚል ሰው አይሰማም። ደንበኛው «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል፤ ዲስኩ እንዲጠረግ ብቻ ሳይሆን ሥርዐቱ እንደ አዲስ እንዲጫንም ማለቱ ነው። ባዕድ ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ደርቦ መያዙ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ መመዝገብ የሚገባው ነገር ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ መጫን ለረጅም ጊዜ ድርብ ሥራ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ እስከመጣበት እስከ 2007 ድረስ፣ ሥርዐቱን የጫነ ሰው በላዩ ላይ ፓወር ግዕዝን ወይም ቪዥዋል ግዕዝን የመሰለ ፕሮግራም ካልጨመረበት በስተቀር አማርኛ አይጽፍበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ መጥበቅን የሚያሳየው ከፊደል በላይ የሚቀመጥ ምልክት በዩኒኮድ ተመዘገበ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ጥብቀትን ለመጻፍ አቅም ካገኘ ቆይቷል፤ የሚጎድለው የጸሐፊው ልማድ ነው። ምልክቱ በሰዋስው መጻሕፍትና በመዝገበ ቃላት እንጂ በትእዛዝ ጽሑፎች ላይ አይታይም፤ በቅርቡም ይታያል ብዬ አልጠብቅም።

ተርጓሚ እስከዚያው ምን ያድርግ? አዲስ ቃል መፍጠርን አልመክርም። «ቁጥር 1ን ይጫኑ» የሚለው የስልክ ድምፅ የጠበቀውን ትርጉም በሕዝብ ጆሮ አጽንቶታል፤ የላላውም ከአጋሰሱ ዘመን ጀምሮ የጸና ነው። ይልቁንስ ለላላው ትርጉም «ይጫኑ»ን ብቻውን ከመጻፍ «በዲስኩ ላይ ይጫኑ» ማለት፣ አለዚያም የተንቀሳቃሽ ስልኮች እንዳደረጉት «ጫን» ብሎ በቅርብ ማዘዝ ይቻላል። ለጠበቀው «ቁልፉን» የሚለው ቃል አይጣል። በመዝገበ ቃላትም «ተጫነ» በ«ጫነ» ሥር እንደ ተደራጊ ብቻ ከሚገባ ራሱን ችሎ ቢቆም ይሻላል፤ ቁልፍ የተጫነ ሰው ማንም አልጫነውምና።

የልደታው ባለሙያ ዊንዶውሱን በማግሥቱ እንደ አዲስ ጫነ። በዚያን ቀንም ሥራው ሳያልቅ መውጣት ነበረበት፤ በወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን «እባክዎ ምንም ነገር አይንኩ» የሚል ነበር።