ቁም ጽሕፈት

«ቁም» ቀጥ ብሎ መቆምን ያስታውሳል። በቁም ጽሕፈት እያንዳንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ሳይጣበቅ፣ ተስተካክሎ ይቆማል። ጥሩ ቁም ጸሐፊ የጻፈው ብራና ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አንድ እጅ ይታይበታል፤ ጽሑፉ በጥቁር፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም።

ዛሬ በድርጅት መለያ ሥራ «ታይፖግራፊ» የምንለው የፊደል ቅርጽ አመራረጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በ1916 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ያዋለውን የፊደል ቅርጽ የነደፈው ኤድዋርድ ጆንስተን ራሱ ቁም ጸሐፊ ነበር። በዚህ ቅርጽ የትንሿ የላቲን «አይ» (i) ነጥብ ክብ አይደለችም፤ በማዕዘኗ የቆመች አራት ማዕዘን ናት። ቅርጹ በ1979ም በ2016ም ታድሷል፤ ነጥቧ ግን አልተለወጠችም። ጣቢያው ላይ ያያት መንገደኛ ካርታው ላይም ያገኛታል።

የእኛ ሰሌዳዎች ያሳዝኑኛል። የድርጅቱ ስም የላቲን ፊደል በጥንቃቄ ይመረጣል፤ አማርኛው ታፔላው ላይ ወፍራም፣ ደረሰኙ ላይ ቀጭን፣ መኪናው ላይ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ኮምፒውተሩ ባገኘው ሌላ ፎንት ይተካዋል። ስለዚህ መለያ የሚያሠራ ሰው ከቀለሙ በፊት «የአማርኛው ፎንት የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።