በባሮ ዳር የቃል ፍቺ

ጋምቤላን የንግድ ከተማ ያደረጋት በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት የኢትዮጵያና የሱዳን የድንበር ስምምነት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፣ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል እንዲጸኑ ተደረገ። እንዲህ ያለው ማረጋገጫ ብቻውን እንደማይበቃ 13 ዓመት ቀድሞ በተፈረመው የውጫሌ ውል ታይቷል። የዚህ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገባቸው፤ ነገሩም ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

የ1894ቱ ውል ሦስተኛ አንቀጽ የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ ይመለከታል። የሶባት ዋና ገባር ባሮ ነውና ጉዳዩ ጋምቤላን በቀጥታ ይነካል። እንግሊዝኛው የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። አማርኛው ደግሞ የከለከለው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚደፍነውን ሥራ ነው። ቦይ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ ወንዙን ዳር እስከ ዳር አይደፍንም፤ የሚወርደውን ውሃ ግን ይቀንሳል። በእንግሊዝኛው ሊያከራክር የሚችለው ይህ ሥራ በአማርኛው ከክልከላው ውጭ ነው። የአማርኛው ጸሐፊ ማንም በዐይኑ አይቶ ሊፈርድበት የሚችለውን መለኪያ መርጧል፤ ከሁለቱም ጥርት ያለው የእሱ ነው።

አራተኛው አንቀጽ ከኢታንግ አጠገብ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይረዝም፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር (10 ጋሻ ያህል) የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። ጣቢያው በ1896 ዓ.ም. የተከፈተው ጋምቤላ ላይ ነው። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም ይመጡ ነበር፤ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ቡናው ከኦሮሞ አገር ይወርድ፣ ጣቢያውን የሱዳን ሹማምንት ያስተዳድሩት፣ በዙሪያው አኙዋኮች ይኖሩ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል የሚያገናኝ አስተርጓሚ ባይኖር ገበያ አይቆምም ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኢጣሊያ ጋምቤላን ከያዘች በኋላ፣ ከተማዋን በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ያስለቀቀው ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር ነው። በዚያው ዘመቻ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች በኩል አኙዋኮችን ይዞ የተዋጋው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ኤቫንስ-ፕሪቻርድ ነበር። ይህ ሰው በ1932 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ በሱዳን በኩል ጥናቱን ሲጀምር የሚረዳው አስተርጓሚም፣ በቂ ሰዋስውም መዝገበ ቃላትም እንዳልነበረው ይናገራል። ቋንቋውን እዚያው ከሰዎቹ አፍ ለመማር ተገደደ።

መጽሐፉ በኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኢጣሊያንኛና ወደ ስፓንኛ ተተርጉሟል። ለተርጓሚ ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «ቺየንግ» ነው። ፍቺው ቤት ወይም መኖሪያ ነው፤ ነገር ግን እንደ ተናጋሪው ቦታ ይሰፋል፣ ይጠባል። ኑዌሩ ጎረቤቱ ሲጠይቀው ደጁን፣ የሌላ መንደር ሰው ሲጠይቀው መንደሩን፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲጠይቀው የጎሣውን አገር በዚሁ ቃል ይጠራል። ኤቫንስ-ፕሪቻርድ ቃሉን በኑዌርኛው እንዳለ አስቀምጦ አብራርቶታል፤ የኑዌሮች አንድነትና መከፋፈል የሚገለጽበት በዚህ መስፋትና መጥበብ ነውና፣ አንድ ቁርጥ ያለ አቻ ቢሰጠው የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ይጠፋ ነበር።