ስሟ አድራሻዋ የሆነ እንቁራሪት

ወዳጆቼ፣ እኛ በአማርኛ ቆዳው ሻካራ ከሆነ ጉርጥ፣ ካልሆነ እንቁራሪት ብለን እናልፋለን። ሳይንስ ግን ለእያንዳንዷ ስም ያወጣል፤ ስሙም ታሪክ አለው።

ማልኮም ላርገን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ከባሌ ተራሮች የተገኘችን አንዲት ትንሽ እንቁራሪት «ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ» ብሎ ሰየማት። «ኤሪካ» እኛ አስታ የምንለው የደጋ ተክል ነው። «ባትራኮስ» በግሪክኛ እንቁራሪት ማለት ነው፤ «ባሌንሲስ» ደግሞ የባሌ። ሲጠቃለል፣ የባሌዋ የአስታ እንቁራሪት!

የማን ዘመድ ናት የሚለው ግን ብዙ ዓመት አከራከረ። ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዘረመል ጥናት የቅርብ ዘመዶቿን አገኘላት። የት መሰላችሁ? ወደ ምዕራብ፣ እነ ካሜሩን ድረስ!

ዘመዶቿ እዚያ ይኑሩ እንጂ እሷ ራሷ ከባሌ ተራሮች ውጪ በዓለም ላይ የትም አልተገኘችም። ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች። ደኑ ሲመነጠርና የጅረቱ ዳር በከብት ሲረገጥ ሌላ የምትሄድበት ቤት የላትም።

ተማሪዎቼ፣ ስሟ አድራሻዋ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አስታውና ጅረቱ ከጠፉ መጽሐፍ ላይ የሚቀረው ባለቤት የሌለው አድራሻ ነው።