የጆን ቤልን ቤተሰብ ፍለጋ፦ ስሙ ሲጠፋ ሴት ልጆቹ ተገኙ

ታሪክ ስንማር ጆን ቤል ማለት «የአፄ ቴዎድሮስ እንግሊዛዊ ወዳጅ» ነበር፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈነዋል። ሰውየው ግን አገሩን ለቆ፣ እኛው ዘንድ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ የቀረ ነው። ታዲያ ቤተሰቡ የት ደረሰ? ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ አገር ዘር ለሚፈልግ ሰው መዝገብ ሞልቷል። አብያተ ክርስቲያናት ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1538 ነው። መንግሥት ራሱ ልደትና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 1837 ሲሆን፣ ከ1841 ወዲህ ያለው የሕዝብ ቆጠራም የቤቱን ሰው ሁሉ በስም ይዘረዝራል። ቤል ግን የተወለደው ከመንግሥት ምዝገባው በፊት ነው፤ የ1851ዱ ቆጠራ ሲካሄድ ደግሞ እዚህ የራስ ዓሊ ሰው ነበር። ስሙም እኮ አያግዝም፤ «ጆን ቤል» እዚያ አገር እንደ እኛ «ከበደ» ነው። ስም ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የሌላ ሰው አያት ይዞ ቢመለስ አይገርምም።

ስለዚህ ፍለጋው ከዚህኛው ጫፍ ቢጀመር ይሻላል። ቤል ከወዳጁ ከዋልተር ፕላውደን ጋር በ1843 በምጽዋ በኩል ገባ። ፕላውደን በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሲሆን ቤል ግን የአገሩን ሰው ሆኖ ቀረ፤ ወይዘሮ ወርቅነሽን አገባ። ራስ ዓሊ በ1853 አይሻል ላይ ከተሸነፉ በኋላ ወደ ካሣ፣ ማለትም ወደ ኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ ገባና ሊቀ መኳስ ተባለ። ሊቀ መኳስ ጠላትን ለማሳሳት በጦርነት ንጉሡን መስሎ የሚለብስ ባለሟል ነበር። በ1860 ፕላውደን በሽፍታው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ቤልም ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ።

«ቤል» የሚለውን ስም ብቻ የሚከተል ፈላጊ እዚህ ላይ ይቆማል። ልጁን ሱዛንን የተከተለ ግን ጋፋት ይደርሳል። ባሏ ቴዎፍል ዋልድማየር ነው፤ ሴባስቶፖልን ከሠሩት የጋፋት ባለሙያዎች አንዱ። ከመቅደላ በኋላ በ1868 ባልና ሚስቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ኑሯቸው ሊባኖስ ሆነ። ዋልድማየር በ1873 ብሩማና ላይ የመሠረተው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል። የቤቱን ታሪክ ያቆየልን እሱ በ1886 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ ነው። አማቹ ባይጽፍ ኖሮ የቤል ቤተሰብ ከሰውየው ጋር የተቀበረ ይመስለን ነበር።

እኛስ? ሰባት ቤት ቁጠሩ ስንባል አባቶችን እናወርዳለን፤ የእናት እናት ላይ ስንደርስ እንንተባተባለን። እኔ ራሴ የአያቴን እናት ስም የምታውቀውን አክስቴን ሳልጠይቃት ቀበርኳት። አሁን የሚነግረኝ የለም። እናንተ ግን የሚነግራችሁ ሰው ካለ፣ እስቲ ለመገናኛችን ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉና ጠይቁ። የነገሯችሁንም ጻፉት።